ያልደገምኩት ቆጠራ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ፒክአፑን ጋራዤ በር ላይ አቁሞ ጥሩንባ ነፋ። ከኋላ አራት ትልልቅ ጎማዎች ጭኗል፤ ጥርሳቸው የጣት ርዝመት ይሆናል፤ ገና አፈር አልነካቸውም።

"ጋሼ ይርጋ፣ እነዚህን ያስገቡልኛል? ነገ የጁቤ መውረዴ ነው" አለኝ።

ጎማዎቹን አየሁ። ጎንበስ ብዬ የመኪናውን ሆድ አየሁ።

"ዲፍረንሻሉንስ ትቀይረዋለህ?"

"እሱን ደግሞ ምን አገናኘው? የምቀይረው እኮ ጎማ ነው።"

"ጥርሱን ቆጥረኸዋል?"

ሳቀ። ስልኩን አውጥቶ አንድ የውጭ አገር ሰው በእንዲህ ያለ ጎማ ወንዝ ሲሻገር የሚያሳይ ቪዲዮ ከፈተልኝ። "ይኸው፣ ይሄ ሰውዬ ምን ቆጠረ?" አለ። እኔ ያን ጊዜ የተናደድኩት ንዴት ለራሴም ገረመኝ። በማርቆስ ጋራዦች ውስጥ ትዕግሥተኛ ነው እየተባለ የሚነገርልኝ ሰው ነኝ፤ ልጁን ግን "ውጣልኝ!" ብዬ ጮህኩበት። ሠራተኞቼ እርስ በርስ ተያዩ። ልጁ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ "እሺ ጋሼ፣ ሲበርድልዎት እመለሳለሁ" ብሎ ሄደ። እኔም ምልክት የማደርግበትን ጠመኔ እንደያዝኩ የእንጨት ዱካዬ ላይ ተቀመጥኩ።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። በመኪና ሆድ ሥር፣ በሁለቱ ጎማዎች መሃል፣ የወጥ ድስት የሚያህል ድቡልቡል ብረት አለ። በውስጡ ሁለት ጥርሳም ብረቶች ተናክሰው ይኖራሉ፤ ትንሹን ፒኞን፣ ትልቁን ኮሮና እንለዋለን። ሞተሩ ትንሹን ያዞራል፣ ትንሹ ትልቁን፣ ትልቁ ደግሞ ጎማውን። ጎማው አንድ ጊዜ እስኪዞር ትንሹ አራት ጊዜ ከዞረ መኪናው አራት ነው እንላለን፤ አምስት ከዞረ አምስት። ጎማው ሲተልቅ አንዱ ዙር ረጅም መንገድ ይሄዳል፤ ሸክም የያዘን ሰው እርምጃህን አርዝም ብሎ ዳገት ማስወጣት ማለት ነው። ስለዚህ አራት የነበረውን አምስት ማድረግ ያስፈልጋል። ይህ ካልተደረገ ዳገት ላይ ሞተሩ ይደክማል፤ ይኼ እንኳ ቀላል ነው፣ ቆም ብሎ ማሳረፍ ይቻላል። ቁልቁለት ላይ ግን ሞተሩ መኪናውን ወደ ኋላ የሚይዘው በእነዚሁ ጥርሶች ነው። ቁጥሩ ካነሰ አያያዙ ይላላል፣ ክብደቱም በሙሉ ፍሬኑ ላይ ያርፋል።

ይህን ሁሉ በሃያ አራት ዓመቴ አሳምሬ አውቀው ነበር። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ወረቀት ይዤ ማርቆስ ከተመለስኩ ዓመት አልሞላኝም፤ ወረቀቷን በላስቲክ ሸፍኜ ከሥራ ጠረጴዛዬ በላይ ሰቅያታለሁ። በከተማው የነበሩት የቀድሞ መካኒኮች በጆሯቸው ሰምተው፣ በእጃቸው ዳስሰው ነበር የሚሠሩት። እኔ በቁጥር ነበር የማወራው። ሻይ ቤት አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ሳይጠይቀኝ የመኪናውን ጥርስ ቁጥር እነግረዋለሁ። ያንን የሃያ አራት ዓመት ይርጋ ዛሬ መንገድ ላይ ባገኘው በጥፊ ባልለው እንኳ መንገድ ተሻግሬ አልፈው ነበር።

ያን ጊዜ ጀማል የሚባል ጓደኛ ነበረኝ፤ የየጁቤው ባለሱቅ የሐጂ ሰዒድ ልጅ ነው። ሁለታችንም ከገጠር ወጥተን ማርቆስ ስንማር አንድ ክፍል ተከራይተን አራት ዓመት አብረን ኖረናል። እሱ ሲሰግድ እኔ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ፤ እኔ ስጾም እሱ እንቁላሉን ውጭ ጠብሶ በልቶ ይመጣል። ትምህርቱን ሲጨርስ አባቱ ያሮጌውን ጭነት መኪና ቁልፍ ሰጡት፤ በአራቱም ጎማ የሚጎትት፣ አጭርና ጠንካራ መኪና ነበር። ጨው፣ ዘይትና ጨርቅ ከየጁቤ ወደ ዓባይ በረሃ ገበያዎች ያወርዳል፤ ማሽላና ሰሊጥ ያወጣል። ጀማል ያን መኪና ይወደው ነበር ማለት ነገሩን ማሳነስ ነው። ሲያጥበው ያዜምለታል።

ችግሩ ክረምቱ ነበር። ከየጁቤ በታች ያለው መረሬ፣ ጥቁሩ አፈር፣ አንዴ ዝናብ ከጠጣ መኪናን እስከ ሆዱ ይውጣል። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት መኪናው አንድ ቦታ አሥራ ሁለት ቀን ተቀርቅሮ ጨዉ በሙሉ ቀልጦ ፈሰሰ። ሐጂ ሰዒድ ቁርጡን ተናገሩ፤ በዚህ ክረምት ካልሠራ መኪናው ይሸጣል፣ ልጁም ሱቅ ይገባል።

"ይርጋ፣ ሱቅ ካስገባኝ አበቃልኝ" አለኝ ጀማል ሰኔ መግቢያ ላይ። "ዕድሜዬን ስኳር ስመዝን ልጨርስ? ወላሂ ካንተ በቀር የሚያተርፈኝ የለም።"

ከአንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ የወጡ ትልልቅ ጎማዎች አግኝቷል። በጭቃው ላይ ከፍ ብለው ያልፋሉ። እኔም ወረቀቴን በጣቴ እያሳየሁ ጎማው ብቻ እንደማይበቃ፣ ዲፍረንሻሉም ከአራት ወደ አምስት መሄድ እንዳለበት፣ የፊቱም የኋላውም አንድ ላይ መቀየር እንዳለባቸው አስረዳሁት። በተለይ ደግሞ ለቁልቁለት የሚረዳው ትንሹ ማርሽ ከተሰበረ ቆይቷል፤ መለዋወጫ አልተገኘለትም። ጀማል በአድናቆት ሰማኝ። እንዲህ የሚሰማኝ ሰው ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም።

ደጀን ላይ የወዳደቀ መኪና የሚሸጥ ሰው እንዳለ ሰምተን ሄድን። ጠዋት ደረስን፤ ከገደሉ በኩል ጉሙ እየተግተለተለ ይወጣል፣ የከባድ መኪኖቹ የፍሬን ሽታ ከጭቃው ሽታ ጋር ተደባልቋል። የሐዋርያት ጾም ስለነበር የሥጋ ነገር ሳያሳስበን ከአንድ ትሪ ድንች ወጥ በላን፤ ቃሪያው ጀማልን አስለቀሰው፣ እኔም ሳቅሁበት። ያ ምሳ አሁንም አፌ ላይ አለ።

የሻጩ ግቢ ውስጥ የእኛው ዓይነት ሁለት ስብርባሪ መኪኖች ነበሩ፤ አንዱ ባሕር ዛፍ ሥር፣ ሌላው አጥሩ ጥግ። አንዱ ለሜዳ፣ አንዱ ለዳገት የተሠሩ ናቸው። የትኛው የትኛው እንደሆነ ባለቤቱ አያውቅም፤ የፋብሪካ መለያ ሰሌዳቸውም ተነቅሏል። "ችግር የለም፣ እኔ እቆጥረዋለሁ" አልኩ።

ከባሕር ዛፉ ሥር ካለው ጀመርኩ። የአንዱን ጎማ ቦታ እንዳይዞር በድንጋይ አስያዝኩ፤ ሌላውን ጀማል ቀስ እያለ ሁለት ዙር እንዲያዞረው ነገርኩት። አንዱ ሲታሰር ሌላው ሁለት ጊዜ መዞር አለበት፤ ይህን የሚያውቅ በከተማው እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔ ፒኞኑን የሚያዞረው ዘንግ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጌ በጭቃው ላይ ቁጢጥ አልኩና በለሆሳስ መቁጠር ያዝኩ። አንድ። ሁለት።

"ይርጋ! አንተው ነህ?"

ቀና ስል አባ ጥበቡ ናቸው። የእናቴም የእኔም የንስሐ አባት። ከመርጡለ ማርያም መጥተው አዲስ አበባ የሚሄድ አውቶቡስ ይጠብቃሉ፤ በአጥሩ ክፍተት አይተውኝ ነው የገቡት። ብድግ ብዬ እጄን በሱሪዬ ጠርጌ መስቀል ተሳለምኩ።

በእኛ አገር የንስሐ አባትህን ሰላምታ አታሳጥርም። እሳቸው እየጠየቁህ ዓይንህን ወደ ሥራህ አትመልስም፤ ተመልሰህ ቁጢጥ ማለትማ አይታሰብም። እናቴ ደህና መሆኗን ጠየቁ፤ ወንድሜን ጠየቁ፤ ላሚቱ ወልዳ እንደሆነ ጠየቁ፤ ዝናቡ በእኛ በኩል እንዴት እንደገባ ጠየቁ። ለሁሉም "እግዚአብሔር ይመስገን አባቴ" እያልኩ መለስኩ። ጀማልም ጎማውን የያዘበትን እጁን ሳያነሳ በጭንቅላቱ እጅ ነሳ። ከዚያ አባ ጥበቡ ምን እየሠራሁ እንደሆነ ጠየቁኝ። እዚህ ላይ ነው የጠፋሁት። በሁለት ቃል መመለስ ስችል ስለ ጥርሱ፣ ስለ ቁጥሩ፣ ስለ ጎማው እርምጃ አንድ ስብከት ሙሉ ሰበክሁላቸው።

"ይገርማል፤ ብረትም እንደ ዜማ ይቆጠራል በለኛ" አሉ። "በል ሥራህን ሥራ፣ ላይህ።"

ቆመው ሊያዩኝ ነው። ደረቴ ተነፋ። ቁጢጥ አልኩና ጠመኔውን አየሁ።

"ስንት ላይ ነበርን?" አለ ጀማል።

"ሦስት።"

"ሁለት ያልክ መሰለኝ።" ትንሽ አሰበና፣ "እስቲ ድገመው" አለ።

እስቲ ድገመው። የሦስት ደቂቃ ሥራ ነበር። እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም። ግን አባ ጥበቡ ከላዬ ቆመዋል፣ የግቢው ባለቤትም መጥቶ እያየ ነው። ሁለቴ የሚቆጥር የማያውቅ ነው የሚባል መሰለኝ።

"የተማርኩት እኔ ነኝ ወይስ አንተ?" አልኩት።

ጀማል ሳቀና ማዞሩን ቀጠለ። አራት፣ አምስት፣ ትንሽ ፈንጠር። "አምስት!" አልኩና ተነሣሁ። አባ ጥበቡ መረቁኝ። አንዱ አምስት ከሆነ ሌላው አራት መሆኑ ነው ብዬ አጥሩ ጥግ ያለውን ሳልነካው ቀረሁ።

የፊቱንም የኋላውንም ፈትተን ጭነን ማርቆስ ገባን። በማግሥቱ ጠዋት ብቻዬን ነበርኩ። ድስቱን ከፍቼ ጥርሶቹን በናፍጣ ማጠብ ጀመርኩ። ብረቱ ሲጠራ እጄ በልማድ ቆጠረ፤ ፒኞኑ ዘጠኝ፣ ኮሮናው ሠላሳ ሰባት። ሠላሳ ሰባት ለዘጠኝ ሲካፈል አራት ነው፣ ትንሽ ፈንጠር። ከጀማል መኪና ያወጣሁትን ድስት ከፈትኩ። ሠላሳ ሰባትና ዘጠኝ። ቁርጥ አንድ ናቸው።

እስከዚህ ድረስ ያለው ስህተት ነው። ስህተት ማንም ይሠራል፤ ሰው ነኝ። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ስህተት አይደለም፤ ሌላ ስም እንዳልሰጠው ራሴን ከልክዬ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። ጀማልን ጠርቼ "ተሳስቻለሁ፣ ደጀን እንመለስ" ማለት ነበረብኝ። ከአባቱ ፊት ልቆም፣ ያ ወረቀት ከላዬ ተሰቅሎ፣ መቁጠር አቃተኝ ልል። አልቻልኩም። ሠላሳ ሰባትና ዘጠኙን አውጥቼ ሠላሳ ሰባትና ዘጠኝ ገጠምኩ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ክረምቱ ሲወጣ በሆነ ምክንያት ፈትቼ አስተካክለዋለሁ ብዬ ለራሴ ነገርኩ።

ጎማዎቹ ሲገቡ መኪናው ተጀንኖ ቆመ። ጭቃውንም አለፈው፤ የጁቤ በሰው ፊት ያ መረሬ ላይ ሲሄድ ሴቶች እልል አሉ። ሐጂ ሰዒድ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልኝ። ጀማል ግን ሲመለስ ወደ ጎን ሳብ አደረገኝ።

"አቀበት ላይ ይደክማል። ከበፊቱ ይብሳል።"

"አዲስ ጥርስ ነው፤ እስኪላመድ ነው" አልኩት። ብረት እንደ ጫማ ይላመዳል ብዬ! እሱም አመነኝ። "ቁልቁለት ላይ ግን ማርሹን ቶሎ አሳንስ" አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። "መንዳት ደግሞ ልታስተምረኝ ነው?" ብሎ ትከሻዬን መታኝ። ያቺ ናት ማስጠንቀቂያዬ። ከዚያች ሌላ አልሰጠሁትም።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ሙሉ ጨው ጭኖ ወደ በረሃው ገበያ ሊወርድ ሲነሣ ማርቆስ መጥቶ፣ "ና አብረን እንውረድ፣ ሥራህን በዓይንህ እይ" አለኝ። ሥራ አለብኝ አልኩት። ሥራ አልነበረብኝም። ያን መንገድ ስለማውቀው ነው፤ ጥርሱንም ስለማውቀው።

የሆነውን የነገሩኝ ከጭነቱ ላይ የነበሩ ገበያተኞች ናቸው። በሁለተኛ ማርሽ ጀመረ፤ መኪናው አልያዝ አለ። ፍሬን እየረገጠ ሦስት ጠመዝማዛ አለፈ፤ ሽታው እነሱም ዘንድ ደረሰ። አራተኛው ላይ ፍሬኑ ባዶ ሆነ። ጀማል አንገቱን አውጥቶ "ዝለሉ!" ብሎ ጮኸ፤ ጭቃው ላይ ዘለሉ፤ ከእነሱ የሞተ የለም። ገደሉ በቀኝ፣ ተራራው በግራ ነበር። መሪውን ወደ ግራ፣ ማለትም እሱ ወደተቀመጠበት ጎን አዞረና ከተራራው አጋጨው። ግራ እግሩን ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት።

የትራፊክ ፖሊሱ ጋራዥ ድረስ መጣ። ሐጂ ሰዒድም አብረውት ነበሩ፤ በአንድ ሳምንት አርጅተዋል።

"ዲፍረንሻሉን የቀየርከው አንተ ነህ? ከጎማው ጋር ይመጣጠን ነበር?" አለ ፖሊሱ ደብተሩን ገልጦ።

"ይመጣጠን ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልያዘም?"

"በከፍተኛ ማርሽ ወርዶ ይሆናል" አልኩ። ፖሊሱ ጻፈ። ሐጂ ሰዒድ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና፣ "ይቅር በለን ልጄ፤ ይህን የመሰለ ሥራህን አበላሸብህ" አሉኝ። በዚህ ዕድሜዬም ያቺ ይቅርታ ትዝ ትለኛለች። ሳምንት ሳይሞላ አንድ ማሰሮ ማር ላኩልኝ። እናቴ ስትበላው አየኋት እንጂ እኔ አልቀመስኩትም።

ሆስፒታል አንድ ጊዜ ሄድኩ። ጀማል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቶ ነበር፤ እንቅልፍ ነው ብዬ ደስ እያለኝ ተመለስኩ። አባቱ "በሞኝነትህ" የሚለውን ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአፋቸው አልነጠሉትም ይባላል። ጀማል ሱቅ ገባ።

የጁቤ ከዚያ በኋላ አሥራ አምስት ዓመት ያህል አልረገጥኩም። አንድ ቀን የወፍጮ ሞተር ተበላሽቶ ወሰዱኝ። ሥራዬን ጨርሼ ስመለስ ዝናብ ያዘኝና ከአንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ገባሁ። የማን ሱቅ እንደሆነ አውቃለሁ። ዝናቡ ባይገፋኝ እገባ ነበር ወይ? አይመስለኝም።

ጀማል ጢሙ ሸብቷል። ምርኩዙን ከስኳር ጆንያው ጋር አስደግፎታል። አየኝ፤ አልደነገጠም።

"ምን ልስጥህ?"

"ስኳር" አልኩ፤ አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው።

ለመጠቅለያ የተከመረ የአሮጌ ደብተር ወረቀት ነበር፤ ነፋስ እንዳይወስደው ከላዩ ብረት ተጭኖበታል። ፒኞን ነበረ። ከእጅ ብዛት እንደ ብር ያበራል። ዓይኔ እዚያው ቀረ።

"ዘጠኝ ናት" አለ ጀማል። "ደግሜ ቆጥሬያታለሁ።"

ፒኞኑን አነሣሁት።

"ከሆስፒታል በወጣሁ በሁለተኛው ወር ነው። ከተጋጨው መኪና የወጣው ድስት እዚሁ ግቢ ወድቆ ነበር፣ አንተ የፈታኸው የድሮውም ነበር። ምን ሥራ ነበረኝ? ከፈትኳቸው፤ ቁጥራቸው አንድ ነው።"

"አባትህ ከመሞታቸው በፊት... ለምን አልነገርካቸውም?"

"አንተ ትነግረዋለህ ብዬ ስጠብቅ ነዋ።" ወረቀቱን እንደ ቀንድ ጠቀለለ። "ያጠፋኸው አንተ ነህ እያለኝ ሞተ። ከዚያ በኋላማ ለማን ይነገራል?"

"ጀማል፣ ይቅር በለኝ" አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ሰምቶኛል።

ሚዛኑን ወደ ራሱ ሳበ። "ስንት ኪሎ ነበር ያልከኝ?" አለ።

ስኳሩን ይዤ ወጣሁ። ዝናቡ አላቆመም ነበር።

ባለፈው ሳምንት ያባረርኩት ባለፒክአፑ ልጅ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። ፒክአፑን በክሪክ አንሥቼ፣ ጠመኔ አድርጌ፣ እፊቱ ሦስት ጊዜ ቆጠርኩለት። አራት። አራት። አራት። ጎማዎቹን እንደማላስገባ፣ መጀመሪያ ተመጣጣኙን ኮሮናና ፒኞን ፈልጎ እንዲያመጣ፣ እስከዚያው በድሮው ጎማ እንዲሄድ ነገርኩት። አኮረፈ፤ ሆኖም ሰማኝ።

"እውነትም ጋሼ ይርጋ ጠንቃቃ ነው ሲሉ ሰምቼ ነበር" አለ።

እንዲህ ይላሉ። አንድን ነገር ሦስቴ ሳይቆጥር አይገጥምም ይላሉ፤ ልጆቻቸውንም ሙያ እንዲማሩ እኔ ጋ ይልካሉ። ከጀማል እግር ላይ ያገኘሁት ስም መሆኑን የሚያውቅ የለም። መቁጠሩን ተምሬያለሁ፤ መናገሩን ግን ዛሬም አልተማርኩም፤ ያ የፖሊስ ደብተር ላይ የተጻፈ ቃል እስካሁን ድረስ የእኔ ቃል ሆኖ እንደተጻፈ ነው።

ልጁ መኪናው ውስጥ ገብቶ መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

"ጋሼ፣ ነገ የጁቤ ነኝ። የሚያውቁት ሰው ካለ ሰላም ልበልልዎት?"

"የለም" አልኩት፤ ቁልፉንም ሰጠሁት።